በአማርኛ በር ወደ ዕብራይስጥ



ከአውሮፕላን ከወረዳችሁበት ቀን ጀምሮ በየቢሮው የምትጠሩበት አንድ ስም አለ፤ «ዖሊም ሐዳሺም» ይባላል። ከዚህ ስም ሁለተኛውን ቃል ያዙልኝ። «ሐዳሽ» ማለት አዲስ ማለት ነው። ግዕዙ «ሐዲስ» ይለዋል፤ አማርኛ ደግሞ የመጀመሪያውን ድምፅ አላልቶ «አዲስ» ይላል። እንግዲህ ማንም መምህር አንዲት ፊደል ሳያሳያችሁ በፊት ይህን የዕብራይስጥ ቃል ታውቁት ነበር፤ የጎደለው የሚነግራችሁ ሰው ብቻ ነው።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ስለዚሁ ነው። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ቋንቋ ዕብራይስጥን ለመማር ምን ያህል እንደሚያግዝ፣ በስልካችሁ ላይ ያለ ክፍያ ከሚገኙት የቋንቋ መማሪያዎችም የትኞቹ ለእኛ እንደሚበጁና የትኞቹ እንደማይበጁ የማውቀውን ያህል አካፍላችኋለሁ።

እኔ የመጣሁት በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በተጓዘበት ጊዜ ነው። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። የመማሪያ መሣሪያችን የኡልፓን መምህርት፣ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነበር። የአማርኛ ፊደል እንኳ በኮምፒዩተር ላይ ወጥ የሆነ ቦታ አልነበረውም፤ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ጭረት ሆኖ ይመጣ ነበር። ዛሬ አንዲት እናት በጎንደር ለቀረች እኅቷ በስልኳ አማርኛ ስትጽፍ ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

በዚያ ዘመን ከየአቅጣጫው ይሰጠን የነበረው ምክር አንድ ነበር፤ «አማርኛውን ተዉት፣ በቤታችሁም ዕብራይስጥ ብቻ ተናገሩ» የሚል። ምክሩን የሰጡን ሰዎች ክፉ አስበው አልነበረም። ይሁን እንጂ የምክሩን ውጤት ዛሬ በየቤቱ አየዋለሁ። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ገበታ ተቀምጠው በመካከላቸው አስተርጓሚ የሚፈልጉበት ቤት ብዙ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ወላጅ ዕብራይስጡን ሳይዝ ሲቀር ልጅ ቀድሞ ይይዘውና የቤቱ አስተርጓሚ ይሆናል።

ሥራዬ መጋሼሬት ነው፤ በቤተሰቦችና በመሥሪያ ቤቶች መካከል መሸጋገሪያ ልበለው። ባለፈው ዓመት በአንድ ክሊኒክ ተራዬን ስጠብቅ በሩ ሳይዘጋ ቀርቶ የሰማሁትን ልንገራችሁ። አንዲት አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ለእናቷ ታስተረጉማለች። ሐኪሙ የጡት ምርመራ እንደገና መደረግ እንዳለበት፣ ይህም በአንድ ሳምንት ውስጥ መሆን እንዳለበት ተናገረ። ልጅቱ ዝም አለች። እናቲቱ «ምን አለሽ ልጄ?» ብለው ጠየቁ። «ደህና ነሽ ነው የሚለው፣ እማዬ» አለቻቸው። አፍራ ይሁን ፈርታ አላውቅም፤ ልጅ ናት። ሲወጡ ጠብቄ እናቲቱን ለብቻቸው አነጋገርኋቸውና ተመልሰን ገባን። ሐኪሙ የጻፈላቸው ወረቀት በእጃቸው ነበር፤ የቀጠሮው ቀን በወረቀቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። «ዮም ርቪዒ» ይላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ቃል ለእኚያ እናት እንግዳ ሊሆን የማይገባው ቃል ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ ማለትን ያውቃል። የዕብራይስጥ ቀኖች የሚጠሩት በዚሁ ቁጥር ነው። ሣልስ ብላችሁ «ሽሊሺ»፣ ራብዕ ብላችሁ «ርቪዒ»፣ ኃምስ ብላችሁ «ሐሚሺ»፣ ሳድስ ብላችሁ «ሺሺ» ታገኛላችሁ። እንዲያውም አማርኛው ራሱ ረቡዕና ሐሙስ ሲል አራተኛና አምስተኛ ማለቱ ነው፤ ዮም ርቪዒ ረቡዕ ነው፣ ዮም ሐሚሺ ሐሙስ ነው፤ ቀኑም ቃሉም አንድ ነው። ሰኞ «ሰኑይ» ከሚለው ግዕዝ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሁለተኛ ነው፤ ዕብራይስጡ «ሼኒ» ይለዋል። ዓርብ ምሽትን ከሚያመለክተው ሥር ነው፤ እዚህም የሰንበት ዋዜማ «ዔሬቭ ሻባት» ይባላል። እሑድ ግን ይለያል፤ «ዮም ሪሾን» ይሉታል፤ እሱም ቢሆን «ሮሽ» ማለትም ራስ ከሚለው ቃል የተወለደ ነው። (በነገራችን ላይ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። «ሻዓ» ሰዓት ነው፤ ቃሉ ይዛመዳል፣ አቆጣጠሩ ግን አይዛመድም። «ሻዓ ሽሞኔ» ቢሏችሁ በአገራችን አቆጣጠር የጧቱ ሁለት ሰዓት ነው እንጂ ስምንት ሰዓት አይደለም።)

ከነዚህ ምሳሌዎች ሦስት ነገር ታያላችሁ። አንደኛ፣ ዕብራይስጥ «ሽ» ባለበት ቦታ አማርኛና ግዕዝ ብዙ ጊዜ «ስ» ይላሉ፤ ሻሎም ሰላም ነው፣ ሼም ስም ነው፣ ኔፌሽ ነፍስ ነው፣ ሼቫዕ ሰባት ነው፣ ኤሽ እሳት ነው። ሁለተኛ፣ በዕብራይስጥ ቃል መካከልና መጨረሻ የምትሰሙት «ቭ» በእኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ «ብ» ነው፤ ሌቭ ልብ ነው፣ አቭ አብ ነው፣ ኮኻቭ ኮከብ ነው። ዕብራይስጡም በጽሕፈት የሚጠቀመው ቤት የምትባለውን ፊደል ነው፤ በሆዷ ነጥብ ሲኖራት «ብ»፣ ነጥብ ሲጎድላት «ቭ» ትባላለች። ሦስተኛ፣ ሐ እና ዐ በአማርኛ አፍ ላይ ጠፍተዋል፣ በፊደላችን ግን ተቀምጠዋል። ወደዚህ ሦስተኛ ነገር እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ስልካችሁ እንምጣ። ለእኛ ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የማሳየው «ፔአሊም» የሚባለውን ገጽ ነው። ፔአሊም በዕብራይስጥ ግሶች ማለት ነው። ገጹ ያለ ክፍያ ይከፈታል፤ አንድ ግስ ስትጽፉለት እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እሱ፣ እሷ እያለ በኃላፊ፣ በአሁንና በትንቢት ጊዜ ሙሉ እርባታውን ከነ ኒቁዱ ይዘረዝርላችኋል። ኒቁድ ያልሁት ከፊደሉ ሥርና ላይ የሚጻፉትን የአናባቢ ምልክቶች ነው። አንድ ልማድ ብቻ ያስፈልጋል፤ ቃሉን በሦስት ፊደል ሥሩ ማሰብ። ይህ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ልማድ አይደለም። ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ተሰበረ ስንል ሰ በ ረ እየተመላለሱ መሆናቸውን ሳንማር እናውቃለን። ዕብራይስጡ ሻቫር ይላል፤ ሰበረ ማለት ነው። «ኒሽባር» ተሰበረ ነው፤ «ሼቬር» ስብራት ነው፤ በራጅ ወረቀት ላይ ይህን ቃል ብታዩት አጥንት ተሰብሯል ማለት ነው።

ሌላ ሥር ልስጣችሁ። ግዕዙ «ሐሰበ» ይላል፤ አማርኛው «አሰበ»። ዕብራይስጡ «ሐሻቭ» ነው። ከዚሁ ሥር «ማሕሻቫ» ሐሳብ ነው፤ «ሔሽቦን» ሒሳብ ነው፤ «ሔሽቦኒት» ከሱቅ የምትቀበሉት የክፍያ ሰነድ ነው፤ «ማሕሼቭ» ደግሞ ኮምፒዩተር ነው፤ የሚያስብ ወይም የሚያሰላ ዕቃ እንደማለት። አንድ ሥር ይዛችሁ አምስት ቃል አወጣችሁ። በኡልፓን እነዚህ አምስት ቃላት በአምስት የተለያየ ቀን፣ በአምስት የተለያየ ገጽ ላይ ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ የሚያያዙ መሆናቸው በቶሎ አይታይም።

የእርባታ ሠንጠረዡን ስታዩ ሌላም የሚያስደስት ነገር ታገኛላችሁ። ይሰማል ሲል ዕብራይስጡ «ይሽማዕ» ይላል፤ ትሰማለች ሲል «ቲሽማዕ»፤ እሰማለሁ ሲል «ኤሽማዕ»፤ እንሰማለን ሲል «ኒሽማዕ»። ይ፣ ት፣ እ፣ ን ከፊት መግባታቸው አንድ ነው። ሩሲያኛ ተናጋሪ ጎረቤታችሁ ይህን ከዜሮ ተነሥቶ ይማረዋል፤ እናንተ ግን ሠንጠረዡን ቁጭ ብላችሁ ማነጻጸር ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

የሚከብደው የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን፤ ዕብራይስጥ መካከል ላይ ያስቀምጠዋል። «ልጁ ዳቦ በላ» የምንለውን «ልጁ በላ ዳቦ» ይላል። የቋንቋ ሊቃውንት አማርኛ ግሱን ወደ መጨረሻ የወሰደው ከኩሽ ቋንቋዎች፣ ይልቁንም ከአገው ጋር አብሮ በመኖሩ ነው ይላሉ። ከቅድመ አያቶቻችን ብዙዎቹ ከአገው ቋንቋዎች አንዱን ቋራኛን ይናገሩ እንደነበር ስናስብ ነገሩ የራሳችን የቤት ታሪክ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ቅደም ተከተሉን የሚያስተካክል ገጽ የለም፤ አፍን ከፍቶ በመናገር እንጂ።

ወደ ሐ እና ዐ ልመለስ። አገር ቤት የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ ይሉ ነበር። ብዙዎቻችን «በአፍ አንድ ከሆኑ ለምን ሁለት ፊደል?» ብለን አጉረምርመናል። መልሱ እዚህ አገር ነው የተገኘው። የዕብራይስጥ ፊደል አሌፍ አላት፣ ዓዪንም አላት፤ በዛሬው አነጋገር ብዙው ሰው ሁለቱን አይለይም፤ በጽሕፈት ግን መለየት ግዴታ ነው። የዓዪን ስም ትርጉሙ ዓይን ነው፤ እኛም ዓይኑ ዐ ብለን ጠርተናታል። አማርኛን በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው ዐሥርን በዓይኑ ዐ እና በንጉሡ ሠ ይጽፋል፤ ዕብራይስጡ «ዔሴር» በዓዪን፣ በሲንና በሬሽ ይጻፋል። ፊደል በፊደል ይገጥማል። ዓፅም «ዔፄም» ነው፣ ዓዪን አለበት። አብ «አቭ» ነው፣ አሌፍ አለበት። መለየቱ የሚያስፈልገው ለወጉ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ «ኦሼር» የሚለው ቃል በአሌፍ ሲጻፍ ደስታ ነው፣ በዓዪን ሲጻፍ ሀብት ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን ሐንና ዐን እስካሁን ከጉሮሯቸው ያወጧቸዋል፤ እንደ የመን አይሁድ ሽማግሌዎች። ይህ የተበላሸ አነጋገር አይደለም፤ የጥንቱ አነጋገር ነው፤ ማንም ቢስቅባችሁ አትፈሩ።

በሌላ በኩል አማርኛ ያላጠፋቸው ድምፆች አሉ። በዛሬው ዕብራይስጥ ካፍና ቆፍ በብዙ ሰው አፍ አንድ ዓይነት «ክ» ሆነዋል፤ ቴትና ታቭም አንድ «ት» ሆነዋል። እዚህ የተወለዱ ልጆች ቃለ ጽሑፍ ሲጽፉ በነዚህ ይሳሳታሉ። እኛ ግን ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ በጆሯችን ይለያሉ። «ካሮቭ» ቅርብ ማለት ነው፤ ቀረበ ስለምንል በቆፍ እንደሚጻፍ እናውቃለን። «ካናፍ» ክንፍ ነው፤ በካፍ። «ታዓም» ጣዕም ነው፤ በቴት። አንድ አዲስ መጪ ልጅ ይህን ሲያውቅ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ኩራት አይቻለሁ።

ሁለተኛው የምመክረው «ሴፋሪያ» የሚባለው ነፃ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ2011 የተመሠረተ ሲሆን ኦሪትን፣ ነቢያትን፣ ታልሙድንና ሌሎችንም ያለ ክፍያ ያቀርባል። የዕብራይስጡ ጽሑፍ ከነኒቁዱ ስለሚገኝ ለጀማሪ አንባቢ ይመቻል። ታሪኩን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ንባቡን መከተል አይከብደውም። በሬሺት ማለትም ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድን ክፈቱና ሰማይን፣ ሌሊትን፣ ኮከብን፣ ዘርን፣ ዕፅን፣ ነፍስን፣ ክንፍን፣ ባረከን፣ ሞላን ፈልጉ፤ ሁሉም አሉ። ግዕዝ የሰማ ሰው ደግሞ ማይን (ውሃ) እና ዮምን (ዕለት) ይጨምራል። ከቄሶቻችን አንደበት ግዕዝ ሲሰሙ ያደጉ ሽማግሌዎች በዚህ ረገድ ከእኛ ከወጣቶቹ ይበልጣሉ። የቃላት ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግን ለብዙዎቻችሁ ንባቡ ብቻ ነው የሚጠቅማችሁ፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

የአነባበብ ጥርጥር ካላችሁ «ፎርቮ» በሚባለው ገጽ ላይ ቃሉን ብትጽፉ ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ሲሉት ትሰማላችሁ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ለዚያ ብቻ ይጠቅማል።

ዝምድናው ሁልጊዜ ትርጉምን አይጠብቅም፤ ይህንም ማወቅ ያስፈልጋል። «ባላዕ» ዋጠ ማለት ነው፣ በላ ማለት አይደለም። «ዖፍ» በኦሪት ወፍ ነው፣ በገበያ ግን ዶሮ ነው። «ካታቭ» ጻፈ ማለት ነው፤ ግዕዙም ከተበ ሲል መጻፉ ነው፤ ክታብ የምንለው ከዚያ ነው፤ ክትባት ግን በዕብራይስጥ «ሒሱን» እንጂ ከካታቭ ጋር አይገናኝም። «ሚጽቫ» ትእዛዝ ነው፤ ምጽዋት ከሱ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ብትሆንም በእኛ ዘንድ ለድሀ የሚሰጥ ሆና ቀርታለች። ጨርሶ የማይዛመድም አለ። አንዲት ጎረቤቴ ልጃቸው «ጋን» ይገባል ሲባሉ ጠላ የሚጠመቅበት ጋን ታይቷቸው ብዙ ሳቁ። የዕብራይስጡ «ጋን» ግን የአትክልት ቦታ ነው፤ ገነት የምንላት ቃል ዘመድ ነው፤ ለሕፃናት መዋያም ይሆናል።

ስለ ዱዎሊንጎ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ነፃ ነው፣ የዕብራይስጥ ትምህርቱም ከ2016 ጀምሮ አለ። ችግሩ ዕብራይስጡን የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ በኩል መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ ለማያውቅ እናትና አባት ሁለት የማያውቁትን ቋንቋ በአንድ ጊዜ ማቅረብ ስለሚሆን አልመክረውም። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሰው ለመጡ ወጣቶች ግን ይሆናል። ለነዚሁ ወጣቶች የተሻለ አለ፤ የአሜሪካ መንግሥት ለዲፕሎማቶቹ ማሠልጠኛ በ1960ዎቹ ያዘጋጃቸው የዕብራይስጥና የአማርኛ ትምህርቶች ከነድምፃቸው በነፃ ይገኛሉ። ያረጁና የደረቁ ናቸው፤ ነገር ግን ልምምዳቸው ብዙ ነው። ስለ ቋንቋ ጠባይ ራሱ፣ ማለትም ስለ ሥነ ልሳን መማር የሚፈልግ ተማሪ ካለ ደግሞ ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ትምህርቱን ማንም እንዲያየው በኢንተርኔት አስቀምጦታል። የአውግስት ዲልማን የ1865 የግዕዝ መዝገበ ቃላትም በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በኩል በነፃ የሚፈለግበት ገጽ አለው። በዚህ መስክ ስሙ መነሣት ያለበት አንድ አይሁዳዊ ሊቅ አለ፤ ቮልፍ ሌስላው። በ1906 በፖላንድ ተወልዶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በፈረንሳይ ታስሮ ከተረፈ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ሲያጠና ኖሮ በ2006 በመቶ ዓመቱ አረፈ። በ1987 ያሳተመው የግዕዝ ማነጻጸሪያ መዝገበ ቃላት ለብዙ የግዕዝ ሥሮች የዕብራይስጡን ዘመድ ያሳያል። ከላይ የሰጠኋችሁ ዓይነት ዝምድና እዚያ በሺህ የሚቆጠር ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ጉግል ትርጉም። አማርኛ የተጨመረው በ2016 ነው። ስልኩን በደብዳቤ ላይ ደግናችሁ የዕብራይስጡን ጽሑፍ በአማርኛ ማየት ትችላላችሁ፤ ከጋን የመጣ ማስታወቂያ ወይም የመብራት ሒሳብ ከሆነ በቂ ነው። ሆኖም ብዙ ይሳሳታል። አንቺን አንተ ያደርጋል፤ የሴትን ቃል ለወንድ ይሰጣል። ይህ የማይጎዳበት ቦታ አለ፤ በሕክምና፣ በፍርድ ቤትና ፊርማ በሚጠየቅበት ወረቀት ላይ ግን አትመኑት። ልጃችሁንም በዚያ ቦታ አታስቀምጡት። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በታካሚው ቋንቋና ባህል ተደራሽ እንዲያደርጉ ያዛል፤ ስለዚህ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ልመና አይደለም። በዕብራይስጥ «አኒ ጽሪኻ ሜታርጌሜት» በሉ፤ ወንድ ከሆናችሁ «ጽሪኻ» የሚለውን «ጻሪኽ» አድርጉት።

ነፃ ስለሚባለው ነገርም አንድ ማሳሰቢያ። ነፃ ነው ብሎ ጀምሮ ከሳምንት በኋላ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ አለ። ቋንቋ ለመማር የቴውዳት ዜሁት ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት።

አንተና አንቺ ካልሁ አይቀር፤ ዕብራይስጥ «እርስዎ» የሚል ቃል የለውም። የሃያ ዓመት ጸሐፊ አባታችሁን «አታ» ብላ ብታናግር ንቀት አይደለም፤ ቋንቋው ሌላ አልሰጣትም። ከባዱ ነገር የሚመጣው በተቃራኒው ነው፤ እዚህ ያደጉ ልጆች አማርኛ ሲሞክሩ አያታቸውን «አንተ» ይላሉ። ልጁ ባለጌ ሆኖ ሳይሆን የሚያስተምረው አጥቶ ነው። አማርኛ በዚህ አገር ለባግሩት የሚፈተኑበት ትምህርት መሆኑን ብዙ ወላጆች አያውቁም፤ በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ጠይቁ። ካን ሬቃ የሚባለው ራዲዮም በአማርኛ ያስተላልፋል፤ በስልክ ይሰማል። ምግብ ስትሠሩ ክፈቱት፤ ልጆቹ ባይፈልጉም ይሰሙታል።

በሰፈራችን መትናስ ማክሰኞ ማታ ጥቂት ቤተሰቦች እንሰበሰባለን። ደንቡ ቀላል ነው፤ ሽማግሌ ቃል ይሰጣል፣ ልጅ በስልክ ይፈልጋል፣ ከተገኘ በደብተር ይጻፋል። አንድ የሰባ ዓመት አዛውንትና የአሥራ አንድ ዓመት የልጅ ልጃቸው ከሁሉ የበለጠ ሞልተዋል። ባለፈው ጊዜ አያትየው «ዝናብ» አሉ። ልጁ ፈልጎ «ጌሼም» አገኘ፤ አይገጥምም። «እሺ፣ ውሻስ?» አሉ። «ኬሌቭ ነው፤ እሱም አይገጥምም፣ አባባ» አላቸው። አዛውንቱ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ቄሱ ሲያነቡ ከልብ ይሉ ነበር፤ ውሻ ማለት ነው» አሉ። ልጁ ደብተሩን ሳበና ብዕሩን አንሥቶ ቆመ። በመጨረሻ የሚሰማው «ቭ» በዕብራይስጥ በሁለት ፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ በቤት ወይም በቫቭ፤ የትኛው እንደሆነ ጠፍቶበታል።

«ከልብ ነው ያልሁህ» አሉት አያቱ፤ «ብ ናት። በቤት ጻፋት።»